አንዲት ነጥብ

ለሙከራ የተለቀቀችው መኪና ከግድግዳው ጋር ተላትማ ስትቆም፣ አንጋፋው በያጅ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ተንበርክከው አውራ ጣታቸውን በበሩ ምሰሶ መጋጠሚያ ላይ አሳለፉ። ስሱ አሉሚኒየም እንደ ወረቀት ተጨማዷል፤ ሁለቱን ላሜራ ያያያዘው፣ ከጥፍር የማይወፍረው የሙጫ መስመር ግን ፍንክች አላለም። በሰው ፋንታ የተቀመጠው አሻንጉሊት ጉልበቱ እንኳ አልተነካም።

«ወይ ጉድ!» አሉ፣ ሙጫውን ወደ ሠራችው ወጣት መሐንዲስ ዞረው። «መኪና በሙጫ ይሠራል እንዴ ብዬ ስንት ቀን ሳቅኩብሽ!»

መሐንዲሷ ግን አልሳቀችም። የእጅ ባትሪዋ ብርሃን ከምሰሶው ግርጌ ጣት በምታህል ስንጥቅ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ለቋል» አለች። «ሦስት ዓመት ለፍቼ... ሙጫው ምን ነካው?»

በያጁ ጣታቸውን ስንጥቋ ላይ አሳረፉ። ቀና ብለው ሊያዩዋት አልደፈሩም።

«ሙጫሽ ምንም አልሆነም፣ ልጄ» አሉ። «ትናንት ምሳ ስትወጪ፣ ልቤ አላምን ብሎኝ፣ ለማንኛውም ብዬ አንዲት ነጥብ በየድኩበት። ሙጫውን ያቃጠለው የእኔ እሳት ነው።»

መሐንዲሷ ብርሃኑን ወደ ስንጥቋ ይበልጥ አስጠጋች። እሳቸው ጣታቸውን ከስንጥቋ አንስተው እንደገና በደህናው የሙጫ መስመር ላይ፣ እንደሚሰበር ነገር ቀስ አድርገው አሳለፉ።

«አየሽ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ከዚህ ሁሉ የለቀቀው እኔ ያመንኩት ብየዳ ብቻ ነው።»