በወይዘሮ ኤቢሴ ጥድ ላይ

አቶ መሸሻ በወይዘሮ ኤቢሴ ጥድ ላይ ግንደ ቆርቁር አይተው አያውቁም። አየሁ ብለው ግን ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ በየሳምንቱ ለወፍ ቆጣሪዎች ማኅበር ያሳውቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው በር ላይ ነው። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር መሸሻ ለማኅበሩ በበጎ ፈቃድ ወፍ ሲቆጥሩ፣ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አንግተው ኮልፌ ውስጥ ከዘነበወርቅ ሰፈር በላይ ይዞራሉ። ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ኤቢሴ አጥራቸው ስር አገኟቸው።

"ምን ፈልገው ነው?"

"ጥድዎ ላይ ግንደ ቆርቁር አይቼ ነው። ብርቅ የደን ወፍ ነው" አሉ መሸሻ፤ አፋቸው ቀደማቸው። ወይዘሮ ኤቢሴም በሩን ከፈቱ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ያያሉ። ወይዘሮ ኤቢሴ ስለ ወፉ የማይጠይቁት የለም፤ ምን ይበላል፣ የት ይፈለፍላል። ድምፁንም ከመሸሻ ስልክ እያስከፈቱ ደጋግመው ይሰማሉ። መሸሻ ስለ ወፉ እያወሩ ሌላ ነገር ያስባሉ። ወደዋቸዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰበብ ደጅ መጥናት ደግሞ የሰፈር መሳቂያ መሆን ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነውና፣ አንድ ሐሙስ የማኅበሩ ባለሙያ ራዕይ መጣች።

"አባባ መሸሻ፣ ይሄን ያህል ጊዜ የታየ ወፍ እንዴት አንድ ፎቶ አይኖረውም?"

"ዓይን አፋር ነው፣ ልጄ።"

"ዛሬ ካልሰማሁት ቦታውን ከቆጠራው አወጣዋለሁ።"

መሸሻ ወደ ጥዱ አንጋጠጡ። ቦታው ከወጣ ሐሙስም ቀረ። ይባስ ብሎ ወይዘሮ ኤቢሴ ፊት ውሸታም ሊባሉ ነው።

ራዕይ እጇን ዘረጋች። "ስልክዎን ይስጡኝ። ድምፅ ከፍተው ወፍ የሚያስጠሩ አሉ፤ በቆጠራ ላይ ክልክል ነው።"

ሰጧት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ዓይኗን እጃቸው ላይ ተከለች። ከቁራ በቀር ትንፍሽ ያለ ወፍ የለም።

"እኔ እንኳ ለምሳ ጎመን ልቅጠፍ" ብለው ወይዘሮ ኤቢሴ ከጥዱ ጀርባ ወዳለው ጓሮ ዞሩ።

መሸሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ..."

"ሽሽ!"

ከጥዱ በኩል ሹል ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ እንጨት የመቆርቆር ድምፅ፣ ጠጠጠጠ። ከዚያ እንደገና ጩኸቱ።

"እሱ ነው! በስመአብ፣ ኮልፌ ውስጥ!" አለች ራዕይ በሹክሹክታ። "እንዳይነቃነቁ፣ ይበራል!"

መሸሻ ከእሷ በላይ ደነገጡ። ከአፋቸው የፈጠሩት ወፍ መጣላቸው። አምላክ ለሽማግሌም ያዝናል ብለው አማተቡ።

ራዕይ ስልካቸውን መለሰችላቸው። "ይቅርታ አባባ፣ ጠርጥሬዎት ነበር። ከእንግዲህ ማክሰኞም እየመጡ ይከታተሉት።" ምሳውንም ሳትጠብቅ ወደ ታክሲ ፌርማታው ከነፈች።

ወይዘሮ ኤቢሴ ጎመናቸውን ታቅፈው ብቅ አሉ። "ምን ተገኘ?"

"ወፉ ጮኸ!" አሉ መሸሻ። ስለዚያ ወፍ እውነት ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ደስታው እንባ አመጣባቸው።

"ወይኔ፣ አመለጠኝ!" ብለው ወይዘሮ ኤቢሴ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ወፉ አንዴ ደገመ፤ ከወይዘሮ ኤቢሴ የሽርጥ ኪስ፣ ከስልካቸው ውስጥ።