ጀርባውን የሰጠው ልብስ ሰፊ

ደንበኛው ይዞት የመጣው የሟች አባቱን የልብስ ስፌት ቤት ዓርማ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶ የስፌት መኪናው ላይ ያጎነበሰ ሰውዬ። ምስሉ ትንሽ ስለሆነ ለትልቅ ሰሌዳ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። የማተሚያ ቤቷ ሠራተኛ ጠርዝ ጠርዙን እየተከተለች፣ ቢለጠጥም ወደማይደበዝዝ የቬክተር መስመር ትቀይረው ጀመር።

ጠዋት ትከሻውን ጨረሰች። ከምሳ ስትመለስ ዓርማው ላይ ያልነበረው ጆሮው ይታያል። "ምን ነካኝ?" ብላ አጠፋችውና ጀርባውን ብቻ እንደገና ሳለችው። ፋይሉን ዘግታ ስትከፍተው ጉንጩም ወጥቷል።

ደንበኛው መጥቶ ስክሪኑን ሲያይ ክው አለ።

"እህቴ፣ ፎቶውን ከየት አገኘሽው?"

"የምን ፎቶ? ያመጣኸውን ነው የሳልኩት።"

"አባቴ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ግን ይሄ ጉንጭ የሱ ነው።" ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "ተጣልተን ነበር። 'ዓይንህን አያሳየኝ' እንዳለኝ ሞተ።"

"ላጥፋው እንዴ?"

"አይ፣ ተዪው።" ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። "ቀጥዪ፣ በናትሽ።"

"እኔ እኮ እጄን ካነሳሁ ቆየሁ" አለችው።

መስመሩ አፍንጫውን ዞሮ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። የቀረው ዓይኑ ብቻ ነው።