የማለቢያው ቅል

ፈረንጁ የማለቢያውን ቅል ከቢቾክ እህት እጅ ነጥቆ ለራሱ ለቢቾክ ሲሰጠው በረቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩ።

«ላሚቱ ሥር ቁጭ ብለህ እለብ ይልሃል፤ ፎቶ ሊያነሳህ ነው» አለ አስተርጓሚው፣ አንገቱን ደፍቶ።

የቢቾክ ደም ፈላ። ግንባሩ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ተበጥቶ ወንድ ከሆነ ወዲህ የላም ጡት ነክቶ አያውቅም። በአገሩ ወግ ማለብ የሴትና ግንባሩ ያልተበጣ ልጅ ሥራ ነው።

«ዋ! ብትነካት ማን ልጁን ይድርልሃል?» ጮኸች እህቱ።

«ፀሐይዋ ሳትሸሽ ፍጠን ይልሃል።»

ቢቾክ ቅሉን እንደያዘ ካሜራውን ወደ ደቀነው ፈረንጅ ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ወረወረና የሰውየውን ግንባር በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። አንድም ጠባሳ የለም። ቅሉን ደረቱ ላይ ለጠፈለት።

«ራስህ እለብ» አለው። «አንተ ገና ልጅ ነህ።»