የበዛ ደም

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በተተከለው የደም ልገሳ ድንኳን ውስጥ፣ ሽማግሌው የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው ክንዳቸውን ዘረጉ። ነርሷ የደም ግፊታቸውን ለካች፤ አላመነችም፣ ደግማ ለካች። ከዚያ መርፌውን ወደ ጎን አደረገችው።

«አባባ፣ ደም መስጠት አይችሉም። ደም ብዛት አለብዎት።»

«አውቃለሁ እንጂ! ሐኪሙ ነግሮኛል። ስለበዛ አይደል የመጣሁት?» አሉ እየሳቁ። «ኪኒኑንም ትቼዋለሁ፤ ደሜን በከንቱ ከሚቀንሰው፣ ላነሰው ሰው ይድረስ ብዬ።»

ነርሷ ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አየችና ተወችው። «ስሙ ነው እንጂ ደምዎ አልበዛም» አለች ዝግ ብላ። «የበዛው ግፊቱ ነው፤ ልብዎን እያደከመው ነው። ኪኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ሲጋራስ ያጨሳሉ?»

ሽማግሌው የዘረጉትን ክንድ አላጠፉም። «ባለቤቴ በወሊድ ደም አጥሯት ነው የሞተችው፣ ልጄ» አሉ። «ለእኔ በዛ ሲሉኝ ታዲያ አፈርኩ።»

ነርሷ እጅጌያቸውን ራሷ ወደ ታች መለሰችላቸው። ሽማግሌው ለመሄድ ተነሱና ቆም አሉ፤ ከደረት ኪሳቸው የሲጋራ ፓኮ አውጥተው ባዶው የደም ከረጢት አጠገብ አስቀመጡ።

«እንግዲያው ይሄን ተቀበይኝ» አሉ። «ሳልሰጥስ አልሄድም።»