አባቷን ተከትላ የተንተባተበችው ልጅ

“ል... ል... ልጄን አበላሸኋት።”

በያጁ ይህን ለሚስቱ ሲነግራት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር...

የብየዳ ቤቱ ሰዎች “ሬዲዮ” ይሉታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚንተባተብ ማሾፋቸው ነው እንግዲህ...

እሱ ለምዶታል። አብሯቸው ይስቃል።

የጨነቀው የስድስት ዓመት ልጁ ነገር ነው። አፏን ከፈታች ጀምሮ ዝም ማለት የማታውቀው ለፍላፊ፣ ድንገት “አ... አ... አባዬ” ማለት ጀመረች።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ልጅ የሰማውን ነው የሚቀዳው፣ ካንተ ነው የተጋባባት አሉት።

ሚስቱ ተው፣ ይለቃታል ብትለው አልሰማም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ፊት አፉን ላይከፍት ወሰነ...

ጠዋት ሳትነሳ ይወጣል። ሲመለስ ግንባሯን ይስማል፣ በቃ። የሳለችውን ሥዕል ስታሳየው እንኳ ራሱን ነቅንቆ ዝም።

እንዲህ እያለ... አንድ ዓመት ሙሉ።

መንተባተቧ ጠፋ።

ግን ንግግሯም አብሮ ጠፋ። እናቷ ብትለምን ብትቆጣ፣ ልጅቷ ቤት ውስጥ ትንፍሽ አትልም።

ባልና ሚስት ተያይዘው አስተማሪዋ ጋ ሄዱ። አስተማሪዋ ግራ ገባት። ክፍል ውስጥማ ዝም በይ ማለት ሰልችቶኛል፣ ስትንተባተብም ሰምቻት አላውቅም አለቻቸው።

ልጅቷን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ምን ሆነሽ ነው ብላ በቀስታ ጠየቀቻት።

“ከእማዬ ጋር ብየዳ ቤቱ ለአባዬ ምሳ ያደረስን ቀን፣ አንድ ሰውዬ እንደ አባዬ እያወራ አሾፈበት። ሁሉም ሳቁ። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ እኔም እንደሱ አወራሁ።”

“አሁንስ ለምን ዝም አልሽ?”

“አባዬ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።”

...

አያችሁ አይደል? ሰውዬውም ቀዳው፣ ልጁም ቀዳችው። አንዱ ሊስቅበት፣ አንዷ ልታጅበው።

እሱ ግን የሰውዬውን ስቆ አሳለፈው። የልጁን እንደ በሽታ ፈራው።

በያጁ እዚያው ተንበርክኮ “ይ... ይ... ይቅር በይኝ የኔ እናት” አላት።

አየችው... ምንም አላለችም።

ይኸው ወራት አለፉ። ከሥራ ሲገባ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ እየተንተባተበ ውሎውን ሁሉ ያወራላታል። ልጅቷ አፍ አፉን እያየች ትሰማዋለች።

እስካሁን አንድም ቃል አልመለሰችለትም። ዓመት ሙሉ ከአባቷ የተማረችውን ዝምታ በወራት ብቻ እንዴት ብላ ትርሳው...

ወገኖቼ፣ ልጅ የሚቀዳው የወደደውን ሰው ነው። ጉድለቴን አይይብኝ ብላችሁ ራሳችሁን ስትደብቁበት፣ የሚቀዳው መደበቃችሁን ይሆናል።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ ከአባት ከእናታችሁ ምን ቀድታችኋል? ከፍቅር የተነሳ መሆኑንስ ነግራችኋቸው ታውቃላችሁ?