የማዳራው ፈረሰኛ ማን ነበር?

ድንጋይ ያየውን መናገር ከጀመረ ወዲህ፣ መዳፉን ያሳረፈበት ሰው ሁሉ በምትኩ አንድ ትዝታ ያጣል፤ የትኛውን እንደሚያጣ ግን አይመርጥም። ተመራማሪዋ ቬሴሊና ማዳራ ገደል ላይ የተቀረጸው የጥንቶቹ ቡልጋሮች ፈረሰኛ ንጉሥ ይሁን አምላክ ለማወቅ ዛሬ ሄዳለች። ባሏ ድራጎሚር እሱን ረስታው እንዳትመጣ ፈርቶ፣ ሙጫ እንደያዘ በር ላይ ይጠብቃታል። በአገራቸው ሙት ዓመት ሲደርስ የሟቹን ፎቶ የያዘ ወረቀት በር ላይ ይለጥፋሉ።

“ድራጎሚር! ንጉሥም አምላክም አይደለም! አንድ ጠራቢ የሞተበትን ልጁን መልክ እንዳይረሳ የቀረጸው ነው!”

ስሙን ስትጠራው እፎይ አለ። “አንቺ ግትር፣ በስጋት ልትገድይኝ ነበር። በይ የወረቀቱን ጫፍ ያዢልኝ፤ ነፋሱ አስቸገረኝ።”

ወረቀቱን ይዛ የወጣቱን ፎቶ አየች። “እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ ነው! የጎረቤት ነው?”

ድራጎሚር የድንጋይ ዱቄት ያነጣውን መዳፏን አየ።

“የእኛ ነው” አላት።