የዓመቱ አንድ ጥይት

ልዋን መተኮሻውን ይጫናል። ምንም የለም። ደግሞ ይጫናል። እኔ ጆሮዬን ደፍኜ፣ አፌን ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እየጠበቅሁ ነው፤ የምሰማው የመድፋችንን ሞተር ማጉረምረም ብቻ ነው።

«ከሸፈ» ይላል ልዋን። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

«ማንም ምንም እንዳይነካ። ውጡ!» ይላል አለቃ ሺንግ።

አራታችንም እየተጋፋን እንወጣለን፤ ሹፌሩ፣ ተኳሹ ልዋን፣ አጉራሹ እኔ፣ በመጨረሻም አለቃችን። ሮጠን ከመድፉ ኋላ ባለው ምሽግ ውስጥ እንወድቃለን። ደንቡ ግልጽ ነው። የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል አስራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ አንድ ሰው ተመልሶ ይገባና የመድፉን መዝጊያ ከፍቶ ጥይቱን ያወጣዋል። መዝጊያው ክፍት እያለ ከፈነዳ የዚያ ሰው ነገር አበቃ።

መድፋችን ከሩቅ ላየው ሰው ታንክ ይመስላል። በሰንሰለት ይሄዳል፣ አፈሙዙም ረጅም ነው። ብረቱ ግን ስስ ነው። «ከዝናብ ያስጥላል» ይላል ልዋን፤ «ከታንክ የምታመልጠው ቀድመህ ስትተኩስ ብቻ ነው።» ቀድመን ለመተኮስ ዓመቱን ሙሉ በእንጨት ጥይት ስንለማመድ እንከርማለን። እውነተኛው ውድ ስለሆነ ዘንድሮ የደረሰን አንድ ነው። እሱም ዛሬ፣ ከቤጂንግ የመጡ ጄኔራሎች በመነጽር እያዩን፣ ከሸፈ።

«ጄኔራሎቹ ቁርሳቸው ሳይወርድላቸው ቀረ» ይላል ልዋን። ማንም አይስቅም።

አለቃ ሺንግ ሰዓቱን ያያል። የቀረው አስራ አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ አገሩ ሻንዶንግ ይገባል። እናቱ ለመምጫው አሳማ እያደለበች ነው። «ስለ አሳማው አንድ ገጽ፣ ስለ እኔ አንድ መስመር!» እያለ ደብዳቤዋን ሲያነብልን እንስቅ ነበር። አሁን የኮቱን አዝራሮች እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ጣቶቹ የመጨረሻውን ሁለቴ ሳቱት።

የደህንነት ቁልፉ ትዝ የሚለኝ ያን ጊዜ ነው።

አጉራሽ ጥይቱን አጉርሶ መዝጊያው ሲዘጋ ቁልፉን ወደ ታች ማውረድ አለበት። ካላወረደው መድፉ አይተኩስም። በልምምድ ጊዜ ግን አናወርደውም፤ «ያረጃል፣ መለዋወጫ የለም፣ እንዳወረዳችሁት ቁጠሩት» ተብለናል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳወረድኩት እየቆጠርኩ «ዝግጁ!» ስል ኖሬያለሁ። ዛሬም «ዝግጁ!» ማለቴን አስታውሳለሁ። እጄ ምን እንዳደረገ ግን አላስታውስም።

ከተናገርኩ አለቀልኝ። በጸደይ ቋሚ ወታደር ያደርጉኛል ብዬ ለአባቴ ጽፌያለሁ፣ እሱም ለመንደሩ በሙሉ አዳርሷል። ዝም ብልስ? አለቃ ይገባል፣ ቁልፉን ሳይወርድ ያገኘዋል፣ ጥይቱ ጤነኛ መሆኑን ያውቃል። ይሰድበኛል፣ ምናልባትም ይሸፍንልኛል። ማንም አይጎዳም። ይህን ለራሴ ሦስት ጊዜ እነግረዋለሁ።

«ደቂቃው ሞላ» ይላል አለቃ ሺንግ። «ብቻዬን ነው የምገባው። ልዋን፣ ሲጋራዬ ከትራሴ ስር ነው፤ ትነካትና ወየውልህ!»

ይሄዳል። የታጨደው ማሽላ ጉቶ ከእግሩ ስር ይሰባበራል። መሞቻው እንደደረሰ ሰው ነው አካሄዱ፤ ለምን ቢባል እኔ አንዲት ቁልፍ ስላላወረድኩ! አልቻልኩም። ልዋን ቀበቶዬን ሊይዝ ሲል አምልጬው እሮጣለሁ።

ስደርስ አለቃ ገብቶ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በጣሪያው መግቢያ በኩል እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ።

«አለቃ፣ ቁልፉን አላወረድኩትም! ጥይቱ ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው!»

በአገጩ ቁልፉን ያሳየኛል።

ቁልፉ ወርዷል።

«አሁን አወረድከው እንዴ?»

«ገና መቀመጤ ነው፣ ምንም አልነካሁም። እጅህ አውርዶታል፣ አንተ ደንቆሮ። ያልሰማኸው አንተ ነህ።»

እንግዲያው ጥይቱ የእውነት ከሽፏል። ከጉልበቴ አንድ ክንድ ርቆ ብረቱ ውስጥ ተኝቷል፤ ሐሳቡን ይቀይር አይቀይር የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ በገዛ እግሬ ሮጬ መጥቼለታለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«ውጣ» ይላል አለቃ።

«ማን ይቀበለዋል?»

«ውጣ አልኩህ፣ ካንግ!»

«አንተ መዝጊያውን ይዘህ በምንህ ልትቀበለው ነው? በጥርስህ? ወለሉ ላይ ቢወድቅስ?»

ያየኛል። ከዚያ ቁልፉን ወደ ላይ ይመልስና የመዝጊያውን እጀታ ይጨብጣል።

«ቀስ አድርጌ ነው የምከፍተው። እንዳትስበው፣ ራሱ ይምጣልህ።»

ክንዶቼን እዘረጋለሁ። ብረቱ ይንቋቋል። መጀመሪያ የጥይቱ ቢጫ ቂጥ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ክብደቱ በክንዴ ላይ ትንሽ በትንሽ እየጨመረ ይመጣል። ተቀብዬ ደረቴ ላይ አስጠጋዋለሁ። ቅዝቃዜው ኮቴን አልፎ ይሰማኛል። ማናችንም አንተነፍስም። ልቤ ብቻ ቀለሁን ከውጭ እየደበደበው ነው። ልቤን ቀስ በል እለዋለሁ፣ ቀስ በል፣ ትቀሰቅሰዋለህ።